ሦስቱ የጦር ውሎች

(የመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ንግግር። ለአዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የቀረበ። አቅራቢው በላስታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው።)

ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ ይዛችሁ የምትከታተሉ አዲስ አንባቢዎች፣ ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር አድርጉ። ቀስ እያልን አብረን እንሄዳለን። የከበደ ቃል ሲመጣ ቆም ብለን እንፈታዋለን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ውል ነው። ውል ምን እንደሆነ ለማወቅ የላስታ ገበሬ አስተማሪ አያስፈልገውም። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ሲቀናጅ ውል አለ። መሬት ለእኩል ሲሰጥ ውል አለ። ገንዘብ ሲበደሩም ዋስ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ወረቀት ይጻፋል። ማንበብ የማይችል ሰው ግን ሌላው ያነበበለትን አምኖ አውራ ጣቱን ቀለም ያስነካና ያትማል። ያተመበት ነገር ምን እንደሆነ የሚገባው ብዙ ጊዜ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

መንግሥታትም እንደ ሰው ይዋዋላሉ። ልዩነቱ ይህ ነው። ሰው ሲዋዋል ዕዳው በራሱና በልጆቹ ላይ ነው። መንግሥት ሲዋዋል ግን ዕዳው ወረቀቱን አይቶት በማያውቀው ሕዝብ ላይ ይወድቃል። ዛሬ እንዲህ ያሉ ሦስት የጦር ውሎች እናያለን። አንደኛው ለ25 ዓመት የተፈረመ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው ለ20 ዓመት የተፈረሙ ናቸው። ከሦስቱ አንዱም ዕድሜውን አልጨረሰም። ለምን? እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

አራት ቃላት

ኃያል መንግሥት ማለት በጦር ኃይሉና በሀብቱ ከሌሎች በጣም የበለጠ መንግሥት ማለት ነው።

የጦር ቃል ኪዳን ማለት «አንተን የወጋ እኔን ወጋ» ብለው መንግሥታት የሚገቡት ውል ነው።

ጎራ ማለት ወገን ማለት ነው። በአንድ ኃያል መንግሥት ዙሪያ የተሰለፉ አገሮች አንድ ጎራ ይባላሉ።

ቀዝቃዛ ጦርነት ማለት ሁለት ኃያላን ፊት ለፊት ሳይታኮሱ በዛቻ፣ በስለላ፣ በመሣሪያ ክምችትና በሌሎች አገሮች በኩል የሚያደርጉት ፍልሚያ ነው። ለእነሱ ቀዝቃዛ ነበር። በሌሎች አገሮች ግን እሳቱ ይነድ ነበር።

ዓለም ለሁለት ስትከፈል

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያለቀው በ1937 ዓ.ም. ነው። በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በአንድ ወገን ሆነው ሂትለርን ወግተዋል። ጠላታቸው ሲወድቅ ግን ወዳጅነታቸውም አብሮ ላላ። አንዱ የሌላውን ሥርዓት አይወድም። አንዱ ሌላውን አያምንም።

ይህን በክፍል ውስጥ ሳስተምር ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት እከፍለዋለሁ። በአንድ በኩል ኔቶን እጽፋለሁ። ኔቶ አሜሪካ የምትመራው የሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን ነው። በመጋቢት 1941 ዓ.ም. በ12 አገሮች ተመሠረተ። በሌላው በኩል የዋርሶን ቃል ኪዳን እጽፋለሁ። ይህ ሶቭየት ኅብረት የምትመራው ነው። በግንቦት 1947 ዓ.ም. በ8 አገሮች ተመሠረተ። ጀርመን ራሷ ለሁለት ተከፍላ ምዕራቡ ከኔቶ፣ ምሥራቁ ከዋርሶ ጋር ተሰለፈ። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ኋላ በእኛ ሰማይ ላይ እናገኛታለን።

ሁለቱም ጎራዎች አቶሚክ ቦምብ ነበራቸው። ፊት ለፊት ቢዋጉ ሁለቱም ይጠፋሉ። በጥቅምት 1955 ዓ.ም. በኩባ ምክንያት ለ13 ቀን ዓለም በቋፍ ላይ ነበረች። እንግዲህ ፉክክሩ ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገረ። በእስያ፣ በአፍሪካ፣ በላቲን አሜሪካ ወዳጅ መፈለግ ተጀመረ። ለወዳጅም መሣሪያ ይሰጣል።

አንደኛው ውል፦ ቃኘው

አገራችን በዚያ ዘመን ለምን ተፈለገች? ሁለት ምክንያት ነበረ። አንዱ ቀይ ባሕር ነው። የዓለም የነዳጅ መርከቦች በዚያ ያልፋሉ። ሁለተኛው የአሥመራ ከፍታ ነው። አሥመራ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። የምትገኝበት ስፍራም ለሬዲዮ ሞገድ የተመቸ ነው። ከዚያ ሆኖ የሩቅ አገር መልእክት መስማትም ማስተላለፍም ይቻላል።

ኢትዮጵያም የምትፈልገው ነገር ነበራት። ጦሯን በዘመናዊ መሣሪያ ማደራጀት ትሻለች። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ልካ ከአሜሪካ ጦር ጎን አሰልፋለች። ከ120 በላይ ወታደሮቻችን በዚያ ጦርነት ሞተዋል። ቃኘው የሚለው ስም የመጣው ከንጉሠ ነገሥቱ አባት ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው።

በግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ውሉ ተፈረመ። አሜሪካ በአሥመራ የጦር ሰፈር ለ25 ዓመት ትይዛለች። ሰፈሩም ቃኘው ተባለ። ኢትዮጵያ ደግሞ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ታገኛለች። በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት የጦር እርዳታ መጣ። ብዙ መኮንኖች አሜሪካ ሄደው ሠለጠኑ። ኋላ ደርግን የመሩት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ።

ታዲያ ንጉሠ ነገሥቱ እንቁላሉን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አላስቀመጡም። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። በ1947 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በባንዱንግ በተደረገው የእስያና የአፍሪካ አገሮች ጉባኤ ተገኘች። ኋላም ከሁለቱ ጎራ ውጭ ነን ከሚሉት ገለልተኛ አገሮች ጋር ተቀመጠች። በ1951 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሞስኮ ሄደው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ይዘው ተመለሱ። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቭየት እርዳታ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጡና በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ማስተማር ጀመሩ። አንዱ ቴክኒክ ሲያስተምር አንዱ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ይህን ልብ በሉ።

የኃያላኑም ግንኙነት እንደ ድንጋይ የጸና አልነበረም። ቻይና የሶቭየት ኅብረት ወዳጅ ነበረች። ተጣሉ። በ1961 ዓ.ም. ድንበራቸው ላይ ተታኮሱ። በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሠ ነገሥታችን ፔኪንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ። ከጥቂት ወራት በኋላ በየካቲት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሄዱ። ትናንት ጠላት የተባለው ዛሬ እንግዳ ተቀባይ ሆነ።

በእነዚያው ዓመታት ወሎ ምን ሆነች? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ገባ። ሰው በመንገድ ዳር ወደቀ። መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። ያ ሁሉ መሣሪያ ያለው መንግሥት ለወሎ ገበሬ እህል ሳያደርስ ቀረ። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ደርግ ሥልጣን ያዘ።

ሁለተኛው ውል፦ በርበራ

አሁን ወደ ጎረቤታችን ወደ ሶማሊያ እንሻገር። ሶማሊያ ነጻ የወጣችው በ1952 ዓ.ም. ነው። መሪዎቿ በኦጋዴን ያለውን ምድር ይፈልጉ ነበር። ኢትዮጵያ የአሜሪካ ወዳጅ ስለሆነች ሶማሊያ መሣሪያ ፍለጋ ወደ ሶቭየት ኅብረት ሄደች። የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው ማለት ይህ ነው።

በ1962 ዓ.ም. ሲያድ ባሬ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። በሐምሌ 1966 ዓ.ም. ከሶቭየት ኅብረት ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ሶቭየት ኅብረት በበርበራ ወደብ ለመርከቦቿ ሰፈር ሠራች። ሶማሊያ ታንክና ተዋጊ አውሮፕላን አገኘች።

እንግዲህ ሰሌዳውን እንመልከት። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር፣ ሶማሊያ ከሶቭየት ኅብረት ጋር። ይህ ሰሌዳ በአንድ ዓመት ውስጥ ተገለበጠ።

ወዳጅ ሲቀያየር

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ ሶሻሊዝምን አወጀ። በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. ከሞስኮ ጋር የመሣሪያ ስምምነት በምስጢር አደረገ። በየካቲት ወር አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካርተር በአገሪቱ በሚፈጸመው ግድያ ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን የጦር እርዳታ እንደሚቀንሱ አስታወቁ። ደግሞም አሜሪካ ቃኘውን እንደ ድሮው አትፈልገውም ነበር። ሳተላይት መጥቷል። በሰማይ የሚዞር መሣሪያ የአሥመራን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ጥቅሙ ሲቀንስ ወዳጅነቱም ቀነሰ።

በሚያዝያ 15 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ቃኘው እንዲዘጋ አዘዘ። የ25 ዓመቱ ውል ሊያልቅ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ፈረሰ። አንደኛው ውል አበቃ።

ሶቭየት ኅብረት ሁለቱንም ጎረቤታሞች መያዝ ፈለገች። የኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ኤደን ላይ የሁለቱን አገር መሪዎች አገናኝተው «በአንድ ፌዴሬሽን ተባበሩ» አሉ። ሲያድ ባሬ እምቢ አሉ። በሐምሌ ወር የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን ያዘ። ሐረር ተሰጋ።

በዚያን ሰዓት የሆነውን ተመልከቱ። የሶማሊያ ጦር የሚዋጋው በሶቭየት ታንክ ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል የሚዋጋው በአሜሪካ አውሮፕላን ነው። አሜሪካ ግን ለኢትዮጵያ መሣሪያ መስጠቷን አቁማለች። ሶቭየት ኅብረት ደግሞ ለኢትዮጵያ መሣሪያ መላክ ጀምራለች። በኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. ሲያድ ባሬ ተቆጥተው የሶቭየት አማካሪዎችን አስወጡ። ውሉንም ቀደዱ። የ20 ዓመቱ ውል ዕድሜው ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ሆነ። ሁለተኛው ውል አበቃ።

ከዚያ በኋላ ሶቭየት ኅብረት በአውሮፕላንና በመርከብ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ አጎረፈች። በጥቂት ወራት ውስጥ የመጣው ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች መጡ። ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጡ ገበሬዎችም በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ዘመቱ። በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። የሶማሊያ ጦር ከኢትዮጵያ ወጣ።

አገር ተወርራ ነበርና የተዋጉት ለአገራቸው ተዋጉ። ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያ ማዶ የወደቀው የሶማሊያ ወታደርም የከብት አርቢ ልጅ ነበር። ሁለቱንም ያስታጠቁት ኃያላን ከሩቅ ሆነው ያሰሉት ሌላ ሒሳብ ነበር። ብሬዚንስኪ የሚባሉት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጸጥታ አማካሪ ሁለቱ ኃያላን የጀመሩት የመሣሪያ ቅነሳ ስምምነት በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀበረ የሚል ሐሳብ ኋላ ጽፈዋል። የእኛ በረሃ የእነሱም መቃብር ሆነ ማለት ነው። የሞቱት ግን የእኛ ልጆች ናቸው።

ሦስተኛው ውል፦ ሞስኮ

በኅዳር 11 ቀን 1971 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶቭየት ኅብረት በሞስኮ የ20 ዓመት የወዳጅነትና የትብብር ውል ተፈራረሙ። የሶቭየት መርከቦች በዳህላክ ደሴቶች ሰፈር አገኙ። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ከሶማሊያ ጋር ተስማምታ በበርበራ እንድትጠቀም ተፈቀደላት። ሶቭየት ኅብረት የሠራችውን ወደብ አሜሪካ ገባችበት። ሁለቱ ኃያላን ቤት ተለዋወጡ ማለት ነው። ሰሌዳው ተገለበጠ ያልኩት ይህንን ነው።

በደጋው ሰማይ ላይ

አሁን ወደ እኛ አገር እንመለስ። በ1976 ዓ.ም. በወሎ በልግም ክረምትም ከዳ። በመጋቢት ወር የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለጋሽ አገሮችን ጠርቶ እህል ለመነ። የተሰጠው ምላሽ ግን ጥቂት ነበር። ምዕራባውያን «ኢትዮጵያ የሶቭየት ወዳጅ ናት» ብለው አመነቱ። ሶቭየት ኅብረት ደግሞ ታንክ እንጂ የተትረፈረፈ እህል አልነበራትም። እሷ ራሷ ከአሜሪካ እህል ትገዛ ነበር። ደርግም በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲያከብር ነበር።

በዚያን ጊዜ የላስታና የዋግ ሰው ቤቱን ዘግቶ ቁልቁል ወረደ። ከብቱ አልቋል። ዘሩን በልቷል። ወደ ኮረም፣ ወደ ቆቦ ሄደ። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተነሣ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ደነገጠ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በዚያ ረሃብ አለቀ።

ሙሴዎችን ከባሪያ መሣሪያ ጋር እናስተያይ። ይቅርታ፣ በቀላሉ ልበለው፤ መሣሪያውን ከእህሉ ጋር እናስተያይ። በ1970 ዓ.ም. ታንክ ለማድረስ የወሰደው ሳምንታት ነው። በ1976 ዓ.ም. ስንዴ ሲለመን ግን ወራት አለፉ። ለመሣሪያ የተከፈተው ሰማይ ለእህል የተከፈተው ዘግይቶ ነው።

በመጨረሻ ግን ተከፈተ። የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጦር ማመላለሻ አውሮፕላኖች መጡ። እነዚህ የኔቶ ናቸው። የሶቭየት አንቶኖቮች፣ የምሥራቅ ጀርመን አውሮፕላኖችና የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም መጡ። እነዚህ የዋርሶ ናቸው። አውሮፓ ላይ መሣሪያ ደግነው የሚጠባበቁት ሁለት ጎራዎች በእኛ ሰማይ ላይ ተገናኙ።

ከ1977 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ መኪና በማይደርስባቸው ደጋማ ቦታዎች እህል ከአየር ይጣል ጀመር። የፖላንድ ሄሊኮፕተር ቀድሞ ሰዎች ያወርዳል። እነሱ ሜዳውን ይመርጣሉ፣ ምልክት ያደርጋሉ፣ ሰው እንዳይጎዳ ያርቃሉ። ከዚያ የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላን በጣም ዝቅ ብሎ እየበረረ ጆንያውን ይጥላል። በየመጽሐፉ ጠላት ተብለው የተጻፉ ወታደሮች አንድ ሥራ ተካፍለው ሠሩ። አሜሪካም ከሁሉ የበለጠ እህል ሰጠች።

ሁሉ ነገር ግን ያማረ አልነበረም። የሶቭየት አውሮፕላኖች እህል ብቻ ሳይሆን ወደ ደቡብና ምዕራብ የሚወሰዱ ሰፋሪዎችንም ያጓጉዙ ነበር፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ሳይወዱ የሄዱ ናቸው። በዚያው ሰማይ የጦር አውሮፕላንም ይበር ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቆመም።

የፈራሚዎቹ መጨረሻ

በመጋቢት 1977 ዓ.ም. ጎርባቾቭ በሶቭየት ኅብረት ሥልጣን ያዙ። አገራቸው በመሣሪያ ወጪ ደክማለች። ከአሜሪካ ጋር መታረቅ ጀመሩ። ለደርግም መሣሪያው እንደ ድሮ እንደማይቀጥል ነገሩት። በ1980 ዓ.ም. መንግሥቱና ሲያድ ባሬ ራሳቸው ታረቁ። የኩባ ወታደሮች የመጨረሻዎቹ በመስከረም 1982 ዓ.ም. ወጡ።

ከዚያ የሆነውን በጣታችሁ ቁጠሩ። በጥር 1983 ዓ.ም. ሲያድ ባሬ ከሞቃዲሾ ሸሹ። በግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ አገር ለቀው ወጡ። በሰኔ 24 ቀን የዋርሶ ቃል ኪዳን ፈረሰ። በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ሶቭየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ሦስተኛው ውል 20 ዓመት ሊሞላው ሰባት ዓመት ገደማ ሲቀረው ፈራሚዎቹ ሁለቱም አልነበሩም። ኔቶ ግን አለ። በ2016 ዓ.ም. አባላቱ 32 ደርሰዋል።

ለእኛ የቀረው ምንድን ነው? የመሣሪያው ዕዳ በቢሊዮን ዶላር ይቆጠር ነበር። ሩሲያ ከጊዜ በኋላ አብዛኛውን ሰረዘችው። ታንኮቹ በየመንገዱ ዳር ዝገዋል። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ግን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ እስከ ዛሬ ያስተምራል። የሰላም ጓድ ካስተማራቸው ልጆችም ብዙዎቹ መምህራን ሆነው ሌሎችን አስተምረዋል። ከሁለቱም ጎራ የተቀበልነው መሣሪያ አለፈ። ከሁለቱም ጎራ የተቀበልነው ትምህርት ቀረ።

ይህን ስል አገር ወዳጅ አያስፈልጋትም ማለቴ አይደለም። ብቻውን የሚኖር አገር የለም። ነገር ግን በሬ የሚያቀናጅ ገበሬ የጎረቤቱን በሬ ጥርስ አይቶ ነው። አንድ ውል ሲነበብ ሦስት ነገር ይጠየቃል። ምን እንሰጣለን? ምን እንቀበላለን? ወዳጃችን ጥቅሙ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ይህን የሚጠይቅ ማንበብ የሚችል ሕዝብ ነው። አውራ ጣቱን ብቻ የሚያትም ሕዝብ ሊጠይቅ አይችልም።

ለመወያያ

1. ሦስቱ ውሎች በየትኛው ዓመት ተፈረሙ? እያንዳንዱ ስንት ዓመት ቆየ?

2. አሜሪካ ቃኘውን መፈለጓ ለምን ቀነሰ?

3. በ1970 ዓ.ም. መሣሪያ ፈጥኖ ሲመጣ በ1976 ዓ.ም. እህል ለምን ዘገየ? በየቤታችሁ ያሉ አዛውንትን ጠይቁና የሚነግሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ።